ሽንኩርት ቀን ይቆጥራል

ለሳኝ ነኝ። በ2007 ዓ.ም. ኮዬ ፈጬ ለልስን ሥራ ስመጣ አካባቢው ግማሹ የጤፍ ማሳ፣ ግማሹ የቆመ ኮንክሪት ነበር። ቀን ግድግዳ እንለስናለን፤ ማታ በቆርቆሮ መጠለያ እናድራለን። ከስድስት ዓመት በኋላ እኔው ከለሰንኳቸው ብሎኮች ብዙ በማይርቅ ሕንፃ ምድር ቤት ተከራይቼ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ገባሁ። ከመስኮታችን ፊት እስከ ኮብልስቶኑ ድረስ ባዶ መሬት ነበር። ዛሬ እዚያ ላይ ስድስት መደብ አትክልት አለን። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ድንች ይፈራረቁበታል።

የሚያልፍ የሚያገድመው ቆም ብሎ “ምን ልትከል?” ይለኛል። አብዛኛው ሰው ከዚህ ጥያቄ ነው የሚጀምረው። እኔም ከዚያ ጀምሬ አንድ ዓመት ሙሉ ከስሬያለሁ። በዚህ ሰፈር አፈርና ብርድ ላይ ከምን ይልቅ መቼ የሚለው ይበልጣል፤ በተለይ ከመሬት በታች ራስ ለሚቋጥሩት ለሽንኩርቶቹ።

ከግድግዳው ሥር ያለው

ተወልጄ ያደግሁት ፎገራ ነው፤ ከወረታ እምብዛም አይርቅም። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል። ውሃው ላይ ሩዝ ይበቅላል፤ ሩዙ ታጭዶ ሲነሳ አባቴ በዚያው ማሳ ሽንኩርት ይተክል ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ችግኝ አቀብለው ነበር። ስለዚህ ኮዬ ላይ ዶማ ሳነሳ ሥራውን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ዶማ ጭንጫ ላይ አረፈ። ሁለተኛው የተሰበረ ብሎኬት አወጣ። ሦስተኛው የደረቀ ሲሚንቶ። ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ይህን ያህል ጊዜ እዚሁ ስሠራ ቆይቼ አለማሰቤ ነው፤ ምክንያቱን እንደኛ የሚያውቅ የለም። የአቃቂ አካባቢ አፈር ጥቁር ነው፣ መረሬ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ሕንፃ እንዲህ በሚነፋና በሚሸሽ አፈር ላይ አይቆምም። ስለዚህ ግንባታ ሲጀመር ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይወጣና በምትኩ ሰሌክት የምንለው ጠጠራማ አፈር ተሞልቶ ይጠቀጠቃል። በላዩ ላይ የግንባታው ትራፊ ይረግፍበታል። ከኮንዶሚኒየም ግድግዳ አጠገብ ያለው “መሬት” በአብዛኛው ይህ ነው፤ ለቤት የሚሆን፣ ለሥር የማይሆን።

ከዚህ አንድ ማስጠንቀቂያ ይከተላል፣ እንደ ግንበኛ የምናገረው። መደባችሁን ከግድግዳ ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቁት። በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ መደብ ከመሠረት ጋር ሲጠጋ እርጥበቱ ወደ ታች ወርዶ ዙሪያውን ያለውን ጥቁር አፈር ያሳብጣል፤ ከዓመታት በኋላ ግድግዳው ይሰነጠቃል። የፍሳሽ ማንሆል ባለበትም አትትከሉ፤ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም።

ጥቁር አፈር በአህያ ጋሪ አስመጣሁ። ያመጡልኝ ከብሎኮቹ ባሻገር የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው፤ አባባ እላቸዋለሁ። አሁን ሕንፃ የቆመበት መሬት የእሳቸው ማሳ ነበር፤ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ያበቅሉበት ነበር። መሬቱ ከእጃቸው መውጣቱ ዛሬም እንደሚያንገበግባቸው አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ያመጡልኝን አፈር በእጃቸው ፈርክሰው እያሳዩኝ አስተማሩኝ። “ልጄ፣ ኮቲቻ ነው ይሄ። በደረቁ ብትመታው ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ላይ ብትገባበት ጫማህን ያስቀርብሃል። የሚከፈትልህ ጥቂት ቀን ነው፣ እሱን ጠብቅ” አሉኝ። ያ ጥቂት ቀን ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ያለው ጊዜ ነው። አባባ ሽምብራቸውን በመስከረም የሚዘሩት በዚህ ምክንያት ነው። መረሬ ክረምት የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም፤ ሽምብራ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳያገኝ በቀረው እርጥበት ብቻ ያፈራል።

ብዙ ሰው ጥቁር አፈርን ለማላላት አሸዋ ይጨምርበታል። አታድርጉት። ጭቃ ከአሸዋና ከጭድ ጋር ሲቦካ ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ፤ ሲደርቅ ግድግዳ ነው። መረሬን የሚያላላው በደንብ የበሰበሰ ፍግና ብስባሽ ነው፤ አንድ እጅ ብስባሽ ለሁለት እጅ አፈር። ያልበሰበሰ ጭድም ቢሆን አይቀበርም፤ እየበሰበሰ ሳለ ተክሉ የሚፈልገውን ናይትሮጅን ራሱ ይበላዋል። ጭድ ቦታው ከላይ ነው፤ በበጋ አፈሩን ማልበሻ ነው።

መደቡ ከፍ ማለት አለበት፤ አንድ ሜትር ስፋት፣ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍታ፣ በመካከሉ የሰው እግር የሚያስኬድ ቦይ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው መረሬውን ካረሰ በኋላ ቤተሰቡን አሰልፎ በእጁ መደብና ቦይ ያወጣል፤ የክረምቱ ውሃ በቦዩ ሲወርድ ሰብሉ ከላይ በደረቅ ይቆማል። ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መሣሪያ ሲሠሩ ከዚህ ከገበሬው ዘዴ ብዙ ተምረዋል። እኔ ስድስቱን መደብ በአካፋ ያወጣሁት በሁለት እሑድ ነው።

ለገና ልድረስ ብዬ

አሁን ወደ ኪሳራዬ ልምጣ። የመጀመሪያው ዓመት ሽንኩርቴ ለገና ዶሮ ወጥ እንዲደርስ ፈለግሁ። ሐምሌ ላይ በላስቲክ ሥር ዘራሁ፤ መስከረም መጀመሪያ ላይ ችግኙን አዛወርኩ። አበቃቀሉ የሚያስቀና ነበር። ኅዳር ሲገባ አንገቱ አውራ ጣት አከለ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያደንቅ ነበር። ከዚያ ውርጭ ወረደ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከየሽንኩርቱ መሐል ቀጥ ያለ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ዘንግ ወጣና ጫፉ ላይ ክብ አበባ አበበ። ከታች የነበረው ራስ ሳይሞላ ቀረ፤ መሐሉ እንጨት ሆነ። ከሁለት መቶ ተክል ለድስት የበቃው ሠላሳ አይሞላም።

ምክንያቱን የነገረኝ የግብርና ባለሙያ የሆነ የአገሬ ልጅ ነው። ሽንኩርት በተፈጥሮው የሁለት ዘመን ተክል ነው። በመጀመሪያው ዘመን ስንቁን ራሱ ላይ ይቋጥራል፤ ብርድ ካለፈ በኋላ በሁለተኛው ያን ስንቅ አበባና ዘር ያደርገዋል። ብርዱን “አንድ ዘመን አለፈ” ብሎ የሚቆጥረው ግን ከተወሰነ ውፍረት በላይ ከሆነ ብቻ ነው፤ አንገቱ የእርሳስ ያህል ከወፈረ ማለት ነው። ከዚያ የቀጠነ ችግኝ ውርጭ ቢመታውም ገና ሕፃን ነውና አያብብም። ፎገራ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ኮዬ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ይበልጣል፤ ሌሊቱም በዚያው ልክ ይበርዳል። የአባቴን ሽንኩርት ይዤ መጣሁ እንጂ የአባቴን ሌሊት ይዤ አልመጣሁም።

ከዚያ ወዲህ ቀኔን አስተካከልኩ። ዘሩን ከመስከረም 15 እስከ 20 ባለው ጊዜ እዘራለሁ። ችግኙ 50 ቀን ገደማ ይቆያል። ኅዳር 5 አካባቢ፣ ከእርሳስ ቀጭን ሳለ፣ ወደ መደቡ አዛውረዋለሁ፤ በተክሎቹ መካከል አራት ጣት፣ በመስመሮቹ መካከል አንድ ስንዝር። ብርዱ በልጅነቱ ያልፍበታል። ጥር ላይ ቅጠሉን ያበዛል፤ የካቲት ላይ ራሱ ይሞላል፤ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ቅጠሉ በራሱ ይወድቃል። ግማሹ ሲወድቅ ውሃ አቆማለሁ። ባለፈው ዓመት ከአራት ካሬ ሜትር መደብ 11 ኪሎ አነሳን። ለአምስት ወር ወጥ በቃን ማለት አይደለም፤ ግን ዋጋ በሚወጣበት ሰሞን ከሱቅ አልገዛንም።

ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር የሚጀምረው በእድሜ ብቻ አይደለም፤ የቀኑን ርዝመት ይለካል። ሽንኩርት ላይ ያለችው እያንዳንዷ ልብስ የአንድ ቅጠል እግር ናት። ቀኑ ለዝርያው የሚበቃ ያህል ሲረዝም ቅጠል ማውጣቱን አቁሞ የቅጠሎቹን እግር ማወፈር ይጀምራል። ያኔ ብዙ ቅጠል ካለው ራሱ ትልቅ ይሆናል፤ ጥቂት ካለው ትንሽ ይቀራል። ለዚህ ነው ፍግ የሚያስፈልገው በልጅነቱ የሆነው፤ ራስ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ማዳበሪያ መጨመር አንገቱን አወፍሮ ቶሎ እንዲበሰብስ ከማድረግ አያልፍም።

አዲስ አበባ ላይ ታኅሣሥ 12 አካባቢ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ሰኔ 14 አካባቢ ረጅሙ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ። የዓመቱ ልዩነት ሁሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የእኛ አገር ዝርያዎች፣ መልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ አዳማ ሬድና ቦምቤይ ሬድ ያሉት፣ ለዚህ አጭር ቀን የተስማሙ ናቸው፤ 12 ሰዓት የማይሞላ ቀን ይበቃቸዋል።

ይህን ያረጋገጠልኝ ከሆላንድ የመጣ እሽግ ነው። ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችን፣ እትዬ የምላቸው፣ ልጃቸው አምስተርዳም ትኖራለች። ለእናቷ የቢጫ ሽንኩርት ዘር ከፎቶ ጋር ላከችላቸው፤ ፎቶው ላይ ያለው ሽንኩርት የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። አንዱን መደብ ሰጠኋቸው። በቀለ፤ አረንጓዴ ሆነ፤ ጥር አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፣ ሰኔ ገባ፤ ቅጠል ብቻ። የሆላንድ ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው ቀኑ ከ14 ሰዓት ሲበልጥ ነው። አምስተርዳም በሰኔ 17 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን አላት። ኮዬ ላይ ያን ያህል ቀን አይመጣም፤ ተክሉ የማይመጣ እንግዳ ሲጠብቅ ኖረ። ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ ዘር ልካችሁ እናቶቻችሁን ማስደሰት ከፈለጋችሁ ካሮትና ሰላጣ ላኩ። የሽንኩርት ዘር ግን እዚሁ ይገዛ።

በዚያው እሽግ ውስጥ ቱሊፕም ነበር፤ ሽንኩርት የሚመስል የአበባ ሥር። እትዬ በሴራሚክ ማሰሮ ተከሉት። ሁለት ቅጠል አውጥቶ ቀረ። ቱሊፕ ከማበቡ በፊት ሦስት ወር ገደማ ሌትና ቀን ሳያቋርጥ ብርድ ይፈልጋል። የእኛ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ብርዱ ይቋረጥበታል። አሁን በምትኩ ግላዲዮለስ ተክለዋል። ግላዲዮለስ የአፍሪካ ልጅ ነው፤ ወገኑ በእኛም ደጋ ሜዳ ላይ በራሱ ይበቅላል፤ ብርድ አይለምንም። ሰኔ ላይ የተከሉት መስከረም ላይ አበበላቸው። አንድ ነገር ብቻ፦ የአበባ ሥሮችን ከሽንኩርት ጋር አንድ ቦታ አታስቀምጡ። ቱሊፕም ሌሎቹም መልካቸው ቢያሳስትም አይበሉም፤ ያሳምማሉ።

ነጭ ሽንኩርት ብርድ ይወዳል

ውርጩ ቀይ ሽንኩርቴን ባበላሸበት ዓመት ከጎኑ የነበረው ነጭ ሽንኩርት አማረበት። መጀመሪያ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። ነጭ ሽንኩርት ወደ ፍሬ ለመከፋፈል ብርድ ያስፈልገዋል። ብርድ ያላገኘ እንደሆነ አንድ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል፤ አይከፈልም። ስለዚህ የደጋ ሰብል ነው፤ ኮዬም ይስማማዋል።

በደጋው አገር ብዙ ገበሬ ነጭ ሽንኩርት በሰኔና በሐምሌ በዝናብ ይተክላል። በመረሬ ላይ ግን ይህን አልመክርም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። እኔ የምተክለው ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 10 ነው፤ አባባ የነገሩኝ ጥቂት ቀን ይህ ነው። መሬቱ የክረምቱን ውሃ ይዟል፤ ፀሐይ ወጥቷል፤ ፊት ለፊቱ ሁለት የብርድ ወር አለ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

አተካከሉ ቀላል ነው። ራሱን ፈልፍሉት፤ ዳር ዳር ያሉትን ትልልቅ ፍሬዎች ለዘር፣ መሐል ያሉትን ቀጫጭኖች ለወጥ። ልጣጩን አታንሱ። ጠፍጣፋው እግሩ ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ ሁለት ጣት ያህል ይቀበር። በዘር ሱቅ ከሚገኙት ዝርያዎች መካከል ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ቢሾፍቱ ነጭ፣ ፀደይ 92 እና ኩሪፍቱ አሉ፤ ማዕከሉ ያለበት ቢሾፍቱ ከእኛ ሩቅ አይደለችም። ካልተገኘ የአገር ቤቱን ከገበያ መርጣችሁ ትከሉ። ከውጭ የሚገባውን ፍሬው ትልቅና ነጭ የሆነውን አልመክርም፤ የት ቀንና የት ብርድ እንደለመደ አይታወቅም።

አንድ ጠላት አለው። ከእግሩ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ፣ በላዩም እንደ ሰናፍጭ ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ካሉ፣ ነጭ ብስባሽ የሚባለው በሽታ ነው። ተክሉን ከነአፈሩ አውጡና ጣሉት፤ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አታስገቡት። ያ መደብ ለብዙ ዓመት ቀይም ነጭም ሽንኩርት አያይም፤ በሽታው አፈር ውስጥ እንደ ተኛ ዓመታትን ይቆያል። እኔ ገና ሳይመጣብኝ መደቦቹን አፈራርቃለሁ፤ ሽንኩርት የነበረበት ላይ ጎመን፣ ጎመን የነበረበት ላይ ካሮት።

የካቲት መጨረሻ ላይ የታችኞቹ ቅጠሎች ሲደርቁ እነቅላለሁ፤ ጥላ ሥር አሥር ቀን አደርቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ትጎነጉነዋለች። በረንዳ ላይ የተሰቀለ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ስድስት ወር ይቆያል። በፌስታል የታሰረ አንድ ወር አይቆይም።

የተረሳውን የአበሻ ሽንኩርትም አንድ መስመር እተክላለሁ። ዛሬ ቀይ ሽንኩርት የምንለው ትልቁ ሽንኩርት በአገራችን የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት እናቶቻችን የሚከትፉት ያን ትንሹን፣ በጉጥ የሚበዛውን ነበር። እሱ ዘር አይፈልግም፤ አንዱን ራስ ብትተክሉት በሦስት ወር አምስት ስድስት ሆኖ ይወጣል። ለመላጥ ያታክታል፤ ቁሌቱ ግን ሌላ ነው።

የቀረው ዓመት

ክረምት የጎመን ነው። ሐበሻ ጎመን የዚሁ አገር ተክል ነው፤ ቅዝቃዜውም ጭቃውም ያውቁታል። ግንቦት ላይ ዘርቼ ሰኔ ላይ አዛውረዋለሁ፤ ከታች ከታች ቅጠሉን እየቀነጠስን እስከ ኅዳር እንበላዋለን። ድንችም በከፍተኛ መደብ ይሆናል፤ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ጠቃጠቆ ካዩ ግንዱን አጭዶ ድንቹን ቶሎ ማውጣት ነው። ቲማቲም በክረምት አትሞክሩ፤ ምች ይፈጀዋል። በኅዳርም ውርጭ ይገድለዋል። የእሱ ቦታ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ነው። ካሮትና ቀይ ስር በበልግ ጥሩ ናቸው።

ኅዳር 12 ላይ አንድ ልመና አለኝ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀውን የኅዳር በሽታ እያሰብን ቆሻሻ የምናጤስበት ቀን ነው። እኔ ከዋዜማው በየደጃፉ እየዞርኩ ደረቅ ቅጠሉንና ሣሩን ለምኜ እወስዳለሁ። ከቡና አተላ፣ ከድንች ልጣጭና ከፍግ ጋር ሆኖ በአራት ወር ጥቁር ብስባሽ ይወጣዋል። አመድም ቢሆን በትንሹ ይጠቅማል፤ ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲወጣ እበትንበታለሁ። ሲሚንቶ ያለበት አፈር ላይ ግን አይብዛ፤ ኖራው አስቀድሞ በዝቷል።

የጓሮ አትክልት ለእኛ ለደቡብ አዲስ አበባ ሰዎች ከገንዘብ ያለፈ ጉዳይ ነው። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚጠጡ አትክልቶች ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ክሮሚየም፣ ካድሚየምና ሊድ የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ከፋብሪካና ከከተማው ፍሳሽ የሚመጡ ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚሰበስቡት ቅጠላ ቅጠሎች፣ እነ ቆስጣና ሰላጣ ናቸው። በሎሚና በአቼቶ ማጠብ ተሐዋስያንን ይቀንሳል፤ በሥር የገባውን ብረት አያወጣውም። በወንዙ ዳር የሚያለሙትን ገበሬዎች አልወቅስም፤ እነሱ ከደረሳቸው ውሃ ሌላ የላቸውም። ነገር ግን አንዲት እናት ለልጇ የምታበላውን ቆስጣ በራሷ ደጃፍ በንጹሕ ውሃ ብታበቅል ትርፏ በኪሎ አይለካም። ለዚህ ሜዳ አያስፈልግም፤ አፈር የሞላ የማዳበሪያ ጆንያ ወይም የዘይት ባልዲ በረንዳ ላይ ይበቃል። የቀለም ባልዲ ግን ይቅር።

መሬቱ የጋራ መሆኑን አትርሱ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ግቢውን የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ሀብት አድርጎታል። እኔ ደግሞ ተከራይ ነኝ። ስለዚህ አስቀድሜ የብሎኩን ኮሚቴ አስፈቅጃለሁ፤ አንዱ መደብም ለማንም ክፍት ነው፤ ጎመን የፈለገ ቀንጥሶ ይሄዳል። እስካሁን ከሥሩ የነቀለ ሰው የለም።

አሁንም ያልፈታሁት የበጋው ውሃ ነው። በእኛ ብሎክ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይመጣል። ሮቶው ለመጠጥና ለማብሰያ ነው፤ ከእሱ ለሽንኩርት ቀድቼ አላውቅም። የጎመንና የሩዝ እጣቢ አጠራቅማለሁ፤ በረኪና የነካው እጣቢ አይገባም። በሃይላንድ ክዳን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅቼ ቲማቲሙ ሥር ዘቅዝቄ እተክለዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። አፈሩን ጭድ አለብሰዋለሁ፤ መረሬ ያልተሸፈነ እንደሆነ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሰዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ መጋቢት ላይ ሁለት መደብ ባዶ ያድራል።

ውሃው ግን በራሳችን ላይ ያልፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። ሁለት መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት አሥር ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት ሁለት ሺህ ሊትር በአሸንዳው ወርዶ መንገድ ላይ ይፈሳል፤ እዚያው ከመሠረቱ አጠገብ ይጠራቀምና እኛ የለሰንነውን ግድግዳ ያበላሻል። የመስከረም የመጨረሻ ዝናብ እስኪያልቅ ተጠራቅሞ ቢቆይ ኅዳር ላይ ችግኝ ለማዛወር ይደርሳል። የብሎክ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ከሚመጣው ሰኔ በፊት በየአሸንዳው ሥር ክዳን ያለው አንድ አንድ ሮቶ አስቀምጡ። መገጣጠሙን በነፃ እሠራላችኋለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ መደቦቹ ጋ አለሁ።